ስንት ሰው ይመጣል? ስንት መስኮት ይከፈት? የፓስፖርት ቅርንጫፍን የሰው ኃይል እንዴት እናቅድ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የፓስፖርት ቅርንጫፍ ተከፍቶ ኃላፊ ሆናችሁ ተመደባችሁ እንበል። ከኮዬ ፈጬና ከገላን የመጣው ባለጉዳይ ሳይነጋ በር ላይ ተሰልፏል። ስንት ሰራተኛ ይበቃችኋል?

መጀመሪያ ትክክለኛውን ቁጥር ያዙ። የተለመደው ያስተናገዱትን ብቻ መመዝገብ ነው። 200 ሰው ተስተናግዶ 60ው «ነገ ተመለሱ» ከተባለ ግን የቀኑ ፍላጎት 260 ነው። የተመለሱት ካልተቆጠሩ እጥረቱ ሪፖርት ላይ ጭራሽ አይታይም፤ ሰራተኛ ይጨመርልን ስትሉም የሚሰማችሁ አታገኙም። በር ላይ ያለው ጥበቃ ወረቀት ላይ እየጫረ ቢቆጥር ይበቃል። የልደት ሰርተፊኬት ጎድሎት የተመለሰውን ግን ለብቻው ጻፉት፤ ነገም መጥቶ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ለእሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ መስኮት ሳይሆን ከሰልፉ በፊት ሰነድ የሚያይ አንድ ሰው ነው።

ቀጥሎ ዓመቱን እዩ። ፓስፖርት ፈላጊ የሚበዛበትን ጊዜ ለማወቅ እኛ አገር አንድ ካሌንደር አይበቃም። የዲቪ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ሲወጣ የኖረው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ትምህርት የሚዘጋው ክረምት ላይ ነው። ሐጅ ደግሞ በሂጅራ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል፤ ፋሲካም ቀኑ አይረጋም። ስለዚህ የአምናን ግንቦት ከዘንድሮ ግንቦት ጋር ዝም ብላችሁ አታወዳድሩ። «ሐጅ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ስንት ሰው መጣ?» ብላችሁ ቁጠሩ።

አሁን ሂሳቡ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን ደቂቃ በሰዓት ለኩ። አሻራና ፎቶ በአማካይ 8 ደቂቃ ከፈጀ፣ 260 ሰው 2,080 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ሰራተኛ ከ8ቱ የስራ ሰዓት መስኮት ላይ በእውነት የሚሰራው 6 ሰዓት፣ ማለትም 360 ደቂቃ ነው ብንል፣ 6 መስኮት የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። ሰው እኩል እኩል ተራርቆ አይመጣም። እጁን ሲሚንቶ የበላው የቀን ሰራተኛ አሻራው ማሽኑ ላይ እምቢ ካለ 8ቱ ደቂቃ 20 ይሆናል። ሰራተኛው ፋታ ከሌለው ያቺ 12 ደቂቃ እስከ ማታ ወረፋውን ስታስረዝም ትውላለች። ስለዚህ ከጊዜው 85 በመቶውን ብቻ አስሉ፤ 306 ደቂቃ ይሆናል። 2,080ን ለ306 ብታካፍሉ 6.8 ይመጣል፤ 7 መስኮት ማለት ነው። የዓመት ፈቃድ፣ ህመምና ስልጠና 15 በመቶ ይወስዳል ካላችሁ 7ን ለ0.85 አካፍሉ። 9 ሰራተኛ ቅጠሩ።

ቀጠሮ ስትሰጡ ሁሉንም «ጠዋት 2:30» አትበሉ። በየግማሽ ሰዓቱ በትኑት። አርብ የምሳ እረፍቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ አንድ ሰዓት ይጎድላል፤ ቀጠሮውን በስምንተኛ ቀንሱ። «ሲስተም የለም» የሚባልበት ቀን መምጣቱ ስለማይቀር፣ በሳምንቱ የመጨረሻ የስራ ቀናት ላይ ጥቂት ቀጠሮ ባዶ ተዉ።

ወንበርም በስሌት ነው። በሰዓት 30 ሰው ከገባና እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ከቆየ፣ በአማካይ 20 ሰው አዳራሽ ውስጥ አለ። ሸኚውን ግን ጨምሩበት፤ ብቻውን የሚመጣ ስንቱ ነው?

ከዚያ በየሳምንቱ ግምታችሁንና የመጣውን ሰው ጎን ለጎን ጻፉ። አንዴ መብለጥ አንዴ ማነስ ያለ ነው። ሶስት ሳምንት በተከታታይ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ግምቱን አስተካክሉ።