ሪሞት ኮንሶሉ ሲያብድ መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ

ይህ ከማሽኑ ርቀው በኬብል የሚሠሩትን የሪቨርብ፣ የቴፕ ማሽንና የሞኒተር መቆጣጠሪያ ኮንሶሎች ይመለከታል። ሶኬት፣ ማብሪያና ፊውዝ ታይተዋል ብለን እንለፍ።

ዲስፕሌዩ ይደበዝዛል፣ ቁልፍ ሲጫኑ ጠፍቶ ይነሳል

በየስቱዲዮው «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚፈታው ኮንሶል ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። የታመመው ገመዱ ነው።

ማሽኑ የፋኑ ድምፅ እንዳይሰማ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ኬብሉ በኮርኒስ ዞሮ፣ በበሩ ጥግ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ 15 ሜትር ይሆናል። ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ ማስላት ያለባችሁ 30 ሜትር ሽቦ ነው። 0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ በዚህ ርዝመት 2.6 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። ኮንሶሉ ግማሽ አምፔር ከሳበ 1.3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከማሽኑ 5 ሆኖ የወጣው 3.7 ሆኖ ይደርሳል። የድሮዎቹ ቲቲኤል አይሲዎች (በ5 ቮልት የሚሠሩ ቺፖች) ደግሞ ቢያንስ 4.75 ቮልት ይፈልጋሉ። ኤልኢዲው ይበራል፣ አይሲው ግን ይዘባርቃል።

ይህ በንጹሕ መዳብ ነው። መርካቶ በሜትር እየተቆረጠ ከሚሸጠው ርካሽ የአላርምና የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ላዩን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሞልቷል። ሬዚስታንሱ የመዳቡን 1.6 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ከ2 ቮልት በላይ ይበላል። «ኦሪጅናል ነው» መባሉን አትስሙ፤ ጫፉን በቢላ ፋቁት። ከላይ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ አትግዙት። ከላይ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ ከወጣ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፤ ውሰዱት። አሉሚኒየሙ ፒን ላይ በወጉ አይበየድም፣ ጥቂት ከተጣጠፈም ብየዳው ሥር ይሰበራል። ለስቱዲዮ እንዲህ ያለ ገመድ መዘርጋት የደንበኛን ገንዘብ ማቃጠል ነው።

አለካኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገመዱን ከኮንሶሉ ነቅሎ ጫፉን ይለካል፣ 5 ቮልት ያያል፣ «ገመዱ ሰላም ነው» ይላል። ከረንት ሳይኖር ቮልቴጅ አይወርድም! ኮንሶሉ ተሰክቶ፣ መብራቶቹ ሁሉ እየበሩ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጥ ቦርዱ ላይ ለኩ። ቀጥሎ ማሽኑ ጋ ሄዳችሁ ለኩ። ልዩነቱን የበላው ገመዱና ኮኔክተሩ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ለፓወር ብቻ ወፍራም ሽቦ መዘርጋት ነው፤ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የቤት መብራት ሽቦ የሚባክነውን ወደ 0.18 ቮልት ያወርደዋል። ዘጠኝ ፒኑ ኮኔክተር ውስጥ ስለማይገባ መጨረሻ 10 ሳንቲ ሜትሩን በቀጭን ሽቦ ጨርሱት፣ መገናኛውን በሙቀት በሚኮማተር ላስቲክ ሸፍኑት። ከ220 መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አታሳልፉት። በሁለቱም ጫፍ «5 ቮልት ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ነገ የሚመጣው ኤሌክትሪሽያን የመብራት ሽቦ መስሎት 220 ቢያገናኝበት ኮንሶሉም ማሽኑም አብረው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ማሽኑ ጋ ከተሰካ አዳፕተር 9 ቮልት በገመዱ ልኮ ኮንሶሉ ውስጥ በ7805 ሬጉሌተር 5 ማድረግ ነው። መግቢያው ላይ 0.33፣ መውጫው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር እግሩ አጠገብ ይበየድ። ከ1 ዋት በላይ ሙቀት ስለሚያወጣ ያለ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚበትን ብረት) አትተዉት። የራሱ አዳፕተር ሲሰጠው ከማሽኑ የሚመጣውን የፕላስ ሽቦ ቁረጡ፤ ዜሮውን (የዜሮ ቮልት መመለሻውን ሽቦ) ግን እንዳትቆርጡ፣ ዳታው ያለ እሱ አይነበብም። ሁለት ፓወር ሰፕላይ በአንድ ፕላስ ላይ ማጋጨት ማሽኑን ያስበላል።

7805 በመግቢያው ቢያንስ 7 ቮልት ይፈልጋል። ቀን የሚሠራ ኮንሶል ምሽት ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚያብደው ለዚህ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ 220ው ወደ 180 ከወረደ፣ ከባዱ የድሮ ትራንስፎርመር አዳፕተር 9 ቮልቱን 7.4 ያደርገዋል፤ ገመዱ 1.3 ሲበላበት 6.1 ይቀራል። «ሙቀት ነው» እየተባለ አይሲ ሲቀየር ይከረማል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል፣ 9 ቮልት 1 አምፔር የሆነ ስዊቺንግ አዳፕተር ግዙ፤ ከመሰካታችሁ በፊት የመሃሉ ፒን ፕላስ ይሁን ማይነስ በቴስተር አረጋግጡ።

በርቷል፣ ግን ከማሽኑ ጋር አይግባባም

እዚህ የሚጠረጠረው ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ዘጠኝ ፒን ኬብል ነው። አንዳንዱ 2 እና 3 ፒኑ ተሻግሯል፣ አንዳንዱ ውስጡ ያለው ሦስት ሽቦ ብቻ ነው። ጫፉ በፕላስቲክ ስለተደፈነ በዓይን አይታይም፤ ዘጠኙንም ፒን አንድ በአንድ በቴስተር ድምፅ ፈትሹ። ግንኙነቱ አርኤስ 422 (እያንዳንዱን ሲግናል በሁለት ሽቦ የሚልክ የዳታ ዓይነት) ከሆነ የአንዱ ሲግናል ፕላስና ማይነስ አብረው በተጠማዘዙት ሁለት ሽቦዎች ይሂዱ፤ ከተለያየ ጥንድ ወስዶ ማገናኘት በአጭር ገመድ ይሠራል፣ በረጅሙ ይስታል።

ቁልፍ ሲጫኑ ስፒከሩ «ጧ» ይላል

ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ) ኮይል ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ የለም ወይም ሞቷል። ነጩ መስመር ወደ ፕላስ ይዙር።

አንድ ቁልፍ ብቻ አይሠራም

ኮንታክቱ ቆሽሿል። በአይሶፕሮፒል አልኮል እጠቡት፤ የበር ማጠፊያ ዘይት አትንፉበት።

ኮንሶሉ ይነዝራል፣ ሚክሰሩም ሃም (የማያቋርጥ ጉምጉምታ) ያወጣል

በአሮጌ ቤቶች ግራውንድ የሌለው ሶኬት ብርቅ አይደለም። ግራውንድ አስገቡ። ሃሙን ለማጥፋት ብሎ የማሽኑን ግራውንድ መቁረጥ ሰው ይገድላል። ግራውንዱ ገብቶም ሃሙ ካልጠፋ የኬብሉን ሺልድ (ሽቦዎቹን የሚሸፍነውን ብረት) ማሽኑ ጋ ብቻ አስሩት፤ ዜሮ ቮልቱ በራሱ ሽቦ ይሂድ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞተ

ሲሄድ ማሽኑን አጥፉ፣ መጥቶ እስኪረጋ ጠብቁ። ኮኔክተሩንም ማሽኑ በርቶ እያለ አትንቀሉ፣ አትሰኩ፤ የፓወሩ ፒን ከዜሮው ቀድሞ ከነካ ከረንቱ በዳታው ፒን በኩል መመለሻ ይፈልግና የዳታውን አይሲ ያቃጥላል።