ሕፃን የሞተበት ቤት ስንገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እዚህ ጅማ እኛ ሰፈር እድር ውስጥ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም አለ። ሰብሳቢ ስለሆንኩ የማልቀመጥበት ልቅሶ የለም። ትልቅ ሰው ሲሞት ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ሕፃን ሲሞት ግን የሚባለው ይጠፋብናል። ያኔ ነው ሃይማኖቱ ያላለውን በሃይማኖት ስም የምንናገረው።

«ተጠምቆ ነበር?» ብሎ መጠየቅ

ይሄኛው በጣም ያንገበግበኛል። ሄርማታ አካባቢ አንድ ልቅሶ ላይ አንድ ሽማግሌ ገና ሳይቀመጡ ጠየቁ። ሕፃኑ 40 ቀን አልሞላውም ነበር። «ካልተጠመቀማ...» ብለው ሳይጨርሱ ተዉት። እናትየው አራስ ናት፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ባገኘችኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ልጄ የት ነው ያለው?» ትለኝ ነበር።

በተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዘው ግን ቀኑ አይጠበቅም፤ ካህን ተጠርቶ ይጠመቃል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ልጁ በሕይወት እያለ ነው። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር ጎረቤታችሁ አሁኑኑ ንገሯት። ከሞተ በኋላ ማንሳት ወላጅን መክሰስ ነው። ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ የተጻፈውን የሚጠቅስ ሰው፣ ያው ጌታ «ሕፃናትን ተዉአቸው» እንዳለም አይርሳ። ጥር 3 የምናስባቸው፣ ሄሮድስ ያስገደላቸው የቤተ ልሔም ሕፃናት በውኃ አልተጠመቁም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሰማዕታት ትላቸዋለች። የቀረውን የንስሐ አባቷ ጊዜውን አይተው ይመልሱላት። በሕፃን ላይ መፍረድ የእድርተኛ ሥራ አይደለም!

ሰሞኑን ደግሞ ከስልክ ላይ አንብበው «ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት የሚቆዩበት ሊምቦ የሚባል ቦታ አለ» የሚሉ መጥተዋል። ሊምቦ የመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ሊቃውንት አስተያየት ነው። ካቶሊኮቹ ራሳቸው ዶግማ አድርገው አላወጁትም፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የቫቲካን የነገረ መለኮት ኮሚሽን ሳይጠመቁ ለሞቱ ሕፃናት የመዳን ተስፋ አለ ብሏል። በተዋሕዶ ትምህርት ውስጥማ የለም።

ሙሉ ወንጌል ወይም ቃለ ሕይወት የሆነን ቤተሰብ «ለምን አላስጠመቃችሁትም?» ማለትም ያው ስህተት ነው። እነሱ የሚያጠምቁት አምኖ የሚመሰክረውን ነው።

«መልአክ ሆነ» ማለት

በእስልምናም በክርስትናም መልአክ ሌላ ፍጥረት ነው፣ ሰው ሌላ። ደግሞስ እናት የምትፈልገው ልጇን ነው። ዳዊት ሕፃኑ ሲሞት «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም» አለ። ልጁ ልጁ ሆኖ ነው የሚጠብቀው።

«አታልቅሺ፣ ሐራም ነው»

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሲሞት አልቅሰዋል። ለጠየቃቸው ሰው እንባው እዝነት እንደሆነ ነግረው፣ ዓይን ታነባለች፣ ልብም ያዝናል፣ ጌታችን ከሚወደው በቀር ግን አንናገርም አሉ። የተከለከለው ሙሾ፣ ፊት መምታትና ልብስ መቅደድ ነው። ኢብራሂም ጀነት ውስጥ የምታጠባው እንዳለችውም ተናግረዋል። ጡቷ ገና ወተት ያቀረረ አንዲት የኮቺ ሰፈር እናት ይህን ሐዲስ ከአንዲት አሮጊት ስትሰማ አይቻለሁ። ደጋግማ አስነገረቻቸው።

ምክንያት መፈለግ

ቡዳ ነው፣ የአባቱ ኃጢአት ነው፣ ሕልም አይቼ ነበር... ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዉ በእሱ ሞት ነው አለ። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ብለው አይጋረዱም ብለው ከለከሉ። ሕዝቅኤል ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። ቁርኣንም ነፍስ የሌላዋን ኃጢአት አትሸከምም ይላል። ሁለቱም መጽሐፍ አንድ ቃል ከተናገረ እኛ ምን ቤት ነን?

«ገና ልጅ ነሽ፣ ይተካል»

ከነጭራሹ ተዉት።

ለሙስሊም ጎረቤት «ነፍስ ይማር» ማለት

በቅንነት የሚባል ነው፤ ማንም አይቀየምም። ግን በሕፃን ጀናዛ (የቀብር ሶላት) ላይ ለሕፃኑ ምሕረት አይለመንም፤ ኃጢአት የለበትምና። የሚለመነው ለወላጆቹ ቀድሞ የሚጠብቅ እንዲሆንላቸው ነው። «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይበቃል። ቀብሩ ስለሚፈጥንም ከሥራ መልስ እደርሳለሁ አትበሉ።

ሞቶ የተወለደውን እንደ ሰው አለመቁጠር

ወንዶች ተሰብስበን በጨርቅ ጠቅልለን እንወስዳለን። እናት የት እንደተቀበረ እንኳ አይነገራትም። በእስልምና ጽንሱ አራት ወር ሲሞላው ሩሕ (ነፍስ) ይነፋበታል። ስለ ማጠቡና ስለ ሶላቱ ዑለማዎች የተለያየ ብይን ስላላቸው፣ ከመቅበራችሁ በፊት ኢማሙን ጠይቁ። ክርስቲያን ከሆናችሁም ካህኑን ወይም ፓስተሩን አማክሩ። ስም ካወጡለት በስሙ ጥሩት። አባትየው ደግሞ መቃብሩን ለይቶ ይወቅ፤ እናትየው ከአራስ ቤት ስትወጣ ልሂድ ማለቷ አይቀርም።