በሊኑክስ ላይ የሲ ፕሮግራም እንዴት ኮምፓይል ይደረጋል?

ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፋችሁት ኮድ ለሰው የሚነበብ ጽሑፍ ነው። ፕሮሰሰሩ እንዲረዳው ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር አለበት። ይህን የሚሠራው ኮምፓይለር ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ራሱ በአብዛኛው በሲ የተጻፈ ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ መሣሪያም ሁሉ በነፃ ይገኛል።

እኛ የምንጠቀመው ጂሲሲ የሚባለውን ኮምፓይለር ነው። ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬም በየቀኑ ይሠራበታል። ትዕዛዞቹን ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትተይቡ በላቲን ፊደል፣ በትንንሾቹ ሆሄያት ጻፉ፤ ትልቅ ሆሄ የምትሆነውን አንዲቷን ስንደርስባት እንነግራችኋለን። ጂሲሲ ሦስት ፊደል ነው፦ ጂ፣ ሲ፣ ሲ።

መጀመሪያ ኮምፓይለሩ መኖሩን እዩ።

ጂሲሲ --ቨርዥን

የቨርዥን ቁጥር ካወጣ ጨርሳችኋል። ትዕዛዙ አልተገኘም ካለ መጫን ነው። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ-ኢሴንሻል

ፌዶራ ላይ ደግሞ፦

ሱዶ ዲኤንኤፍ ኢንስቶል ጂሲሲ

ፓስወርድ ሲጠይቃችሁ የምትጽፉት ስክሪኑ ላይ አይታይም። አትደንግጡ፣ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።

አሁን አዲስ ፎልደር ክፈቱና ሰላም.ሲ የሚባል ፋይል ፍጠሩ። የትኛውም የጽሑፍ ኤዲተር ይሆናል፤ ናኖ ለጀማሪ ቀላል ነው። የመጀመሪያው መስመር በሃሽ ምልክት ይጀምራል፤ ኢንክሉድ ካለ በኋላ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ኤስቲዲአይኦ.ኤች ይላል። ቀጥሎ ሜይን የሚባለው ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል) ይመጣል። በጥምዝ ቅንፎቹ መካከል ሁለት መስመር ብቻ ጻፉ፦ ፕሪንትኤፍ፣ በቅንፉም ውስጥ በትምህርተ ጥቅስ የታጠረ «ሰላም ለዓለም»፣ ከዚያ ሪተርን 0። ሁለቱም በሴሚኮለን ያልቃሉ። ጥቅሱ ውስጥ ያለውን በአማርኛ ብትጽፉትም ያለ ችግር ይወጣል።

ሴቭ አድርጉና እዚያው ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ ይህን ጻፉ፦

ጂሲሲ -ዎል ሰላም.ሲ -ኦ ሰላም

ከሰረዝ ኦ ቀጥሎ የሚመጣው የሚፈጠረው ፕሮግራም ስም ነው። እዚያ ቦታ ላይ የኮድ ፋይል ስም ፈጽሞ አታስገቡ፤ ሌላ የጻፋችሁት ፋይል ላይ ሊጻፍበት ይችላል፣ ሥራችሁም ይጠፋል። ሰረዝ ኦን ብትተዉት ፕሮግራሙ ኤ.አውት በሚል ስም ይቀመጣል።

ሰረዝ ዎል ማስጠንቀቂያዎችን ያወጣል። የመጀመሪያዋ ደብልዩ ትልቋ ሆሄ ናት። ይህችን ከመጀመሪያው ቀን ልማድ አድርጓት። ለምሳሌ «ቁጥሩ 5 ከሆነ» ልትሉ ፈልጋችሁ ሁለት እኩል ምልክት መጻፍ ሲገባችሁ አንድ ብቻ ጻፋችሁ እንበል። በሲ ደንብ ይህ ስህተት አይደለም፦ ቁጥሩን 5 ያደርገውና ሁልጊዜ እውነት ነው ብሎ ያልፋል። ያለ ሰረዝ ዎል ኮምፓይለሩ ዝም ሊል ይችላል፤ በሰረዝ ዎል ግን መስመሩን ጠቁሞ ያስጠነቅቃችኋል።

ምንም ሳይናገር ከተመለሰ ተሳክቷል ማለት ነው። ፕሮግራሙን ለማስነሳት ነጥብና ስላሽ አስቀድሙ፦

./ሰላም

ነጥቧ «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ማለት ናት። ሊኑክስ ትዕዛዝ ሲፈልግ ያላችሁበትን ፎልደር በራሱ አያይም። ይህ ለደህንነት ሲባል የተደረገ ነው፤ አለበለዚያ አንድ ሰው የታወቀ ትዕዛዝ ስም የሰጠውን ፕሮግራም እዚያ አስቀምጦ ሊያሳስታችሁ ይችላል።

ኮዱን በነካችሁ ቁጥር እንደገና ኮምፓይል ማድረግ አለባችሁ። ወደ ላይ የሚያሳየውን ቀስት ስትጫኑ የቀድሞው ትዕዛዝ ይመለስላችኋል።

አሁን ሆን ብላችሁ አበላሹት። ከፕሪንትኤፍ መስመር መጨረሻ ሴሚኮለኑን አጥፉና ኮምፓይል አድርጉ። የፋይሉ ስም፣ ከዚያ በሁለት ነጥብ ተለይተው ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ፦ የመጀመሪያው የመስመሩ ቁጥር፣ ሁለተኛው በመስመሩ ውስጥ ያለው ቦታ። ቀጥሎ ኢረር ይልና ምን እንደጎደለ ይነግራችኋል። አንዳንድ ቨርዥን የሚጠቁመው ቀጣዩን መስመር ስለሆነ፣ የተጠቆመው ደህና ከመሰላችሁ ከሱ በፊት ያለውን እዩ።

ብዙ ኢረር በአንዴ ሲዘረገፍ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክሉ። የቀሩት ብዙ ጊዜ ከሱ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ሲድን ሌሎቹም ይጠፋሉ። የኢንክሉድ መስመሩን ረስታችሁ ከሆነ ደግሞ ከጂሲሲ 14 ጀምሮ ያ ራሱ ኢረር ነው፣ ድሮ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር።

አንድ የተለየ ኢረር አለ፦ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» የሚለው። እዚህ ላይ ኮዳችሁ ተተርጉሟል፣ የጎደለው የምትጠሩት ፈንክሽን የሚገኝበት ላይብረሪ (አስቀድመው የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ነው። ስኩዌር ሩት የሚያወጣውን የሂሳብ ፈንክሽን ስትጠቀሙ ብዙ ጊዜ ይገጥማችኋል። መፍትሔው ኤል እና ኤምን በአንድ ሰረዝ አያይዞ መጨረሻ ላይ መጨመር ነው፦

ጂሲሲ -ዎል ሂሳብ.ሲ -ኦ ሂሳብ -ኤልኤም

ከኮድ ፋይሉ ስም በፊት ብታስቀምጡት ላይሠራ ይችላል። ሊንከሩ፣ ማለትም ኮዱንና ላይብረሪውን የሚያገናኘው ክፍል፣ ፋይሎቹን በቅደም ተከተል ስለሚያይ፣ ላይብረሪው ከሚፈልገው ኮድ በኋላ መምጣት አለበት።