ስለ አፍቃሪ አምላክና ስለ መከራ ስንነጋገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምላክ ሁሉን ቻይና አፍቃሪ ከሆነ መከራ ለምን ኖረ የሚለው ጥያቄ ከጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ ከኤፊቆሮስ ስም ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይነሣል። በአፍቃሪ አምላክ ማመንና የመከራን እውነታ መቀበል አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ማለት ግን የእያንዳንዱን ሥቃይ ምክንያት እናውቃለን ማለት አይደለም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ሁለቱን ከማደባለቅ ነው።

መከራን ሁሉ የኃጢአት ቅጣት ማድረግ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በዝምታ ተቀምጠው ነበር፤ መናገር ሲጀምሩ ግን የተሰወረ በደል እንዲናዘዝ የሚያስጨንቁ ከሳሾች ሆኑ። በመጨረሻ የተገሠጹት ለእግዚአብሔር የተሟገቱ የመሰላቸው እነርሱ እንጂ አምርሮ የጠየቀው ኢዮብ አልነበረም። ኢየሱስም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ፣ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት በመሥራታቸው እንዳልሆነ መልሷል፤ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎችም ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። ይህ አስተሳሰብ ቶሎ የማይጠፋው ጤነኛውን ስለሚያጽናና ይመስለኛል፤ ታማሚው ጥፋተኛ ከሆነ እኔን አይነካኝም ያሰኛልና።

ነጻ ፈቃድን ለሁሉም መልስ ማድረግ። አምላክ የመምረጥ ነጻነት ያላቸውን ፍጡራን ከፈጠረ ክፉን የመምረጥ ዕድልም አብሮ ይኖራል የሚለው ክርክር ለጦርነት፣ ለግፍና ለጭካኔ ክብደት ያለው መልስ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት፣ ሊዝበንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ለጸሎት የተሰበሰቡ ምእመናንን ከነአብያተ ክርስቲያናቸው ሲቀብር፣ ከዚያም ማዕበሉና እሳቱ ሲከተል፣ የማን ምርጫ ውጤት ነበር? እዚህ ላይ አማኙ ሌላ ነገር ማንሣት ይኖርበታል፤ ለምሳሌ ሕይወትን የሚያኖረው ያው ሥርዓተ ተፈጥሮ ጥፋትንም ሊያስከትል እንደሚችል። ይህም ቢሆን ከፊል መልስ ነው።

ክርክሩ ተዘግቷል ማለት። ፈላስፋው ጄ. ኤል. ማኪ እ.ኤ.አ. በ1955 የአምላክ ሁሉን ቻይነትና ቸርነት ከክፋት መኖር ጋር በአመክንዮ ይጋጫሉ ሲል ጻፈ። አልቪን ፕላንቲንጋ በ1970ዎቹ የሰጠው ምላሽ፣ እምነት የሌላቸውን ጨምሮ ብዙ ፈላስፎችን እንዲህ ያለ ግጭት አልተረጋገጠም ወደሚል አቋም አምጥቷል። ስለዚህ የማያምነው ወገን ነገሩ አብቅቷል ማለት አይችልም። አማኙም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ፈላስፋው ዊልያም ሮው በ1979 ጥያቄውን ከአመክንዮ ግጭት ወደ ማስረጃ ሚዛን፣ ማለትም መከራ አምላክ የለም ለማለት ምን ያህል ማስረጃ ይሆናል ወደሚለው፣ መልሶታል። በእርሱ ምሳሌ በጫካ ቃጠሎ ክፉኛ የተቃጠለች አንዲት ግልገል አጋዘን ማንም ሳያያት ለቀናት ስትሠቃይ ቆይታ ትሞታለች፤ ከዚህ ሥቃይ የተገኘው በጎ ነገር ምንድን ነው? ምክንያቱን አለማየታችን ምክንያት የለም ማለት አይደለም የሚለው መልስ ትክክል ነው። ያለ ገደብ ስንጠቀምበት ግን ስለ አምላክ ቸርነት ራሱ በእርግጠኝነት ለመናገር ያለንን መሠረት ይሸረሽራል፤ በዚህ ነጥብ ላይ እኛ አማኞች ከምናሳየው የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገናል።

ለሐዘንተኛ «ለበጎ ነው» ማለት። ልጇን ለቀበረች እናት «አምላክ ስለወደደው ወሰደው» ሲባል፣ የምትሰማው ልጇን የነጠቃት የአምላክ ፍቅር መሆኑን ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲደረግ የሚናገረው ቃል ራሳቸው መከራ ውስጥ ላሉ አማኞች የተጻፈ ተስፋ ነው፤ በሌላው ሥቃይ ላይ ከውጭ የሚለጠፍ ማብራሪያ አይደለም። የእናቲቱ «ለምን?» የሚለው ጩኸት የፈላስፋው ጥያቄ ስላልሆነ የፈላስፋው መልስ አይገባውም።

ማጉረምረምን ክህደት አድርጎ መቁጠር። ብዙዎቹ የልቅሶ መዝሙራት ወደ ምስጋና ሲመለሱ 88ኛው መዝሙር ግን ያለ መጽናኛ ያበቃል፤ ሆኖም ከጸሎት መጽሐፉ አልተፋቀም። ኢየሱስም በመስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ጮኋል። እንግዲህ እንዲህ እያለ የሚጸልይን ሐዘንተኛ አጠገቡ ያለ ሰው ሊያርመው አይገባም፤ ጸሎቱን እስኪፈጽም አብሮት ይቀመጥ።