ቫምፓየርና አስማት ያለባቸውን የወጣቶች ልብ ወለዶች ሲያነቡና ሲገመግሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠንቋይ፣ ቫምፓየር፣ ሰው-ተኩላና የመጀመሪያ ፍቅር በአንድ ሽፋን ውስጥ የሚገናኙባቸው የወጣቶች ልብ ወለዶች አንባቢ ሞልቷቸዋል፤ በወጉ የሚገመግማቸው ግን ጥቂት ነው። አንዱ «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ገና ሽፋኑን ሲያይ ይጥላቸዋል። ሌላው ልቡ ስለተነካ ብቻ አምስት ኮከብ ደርድሮ ያልፋል። ሁለቱም መጽሐፉን ለመምረጥ ያሰበውን አንባቢ አይረዱትም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ ይመነጫሉ፦ መጽሐፉን ራሱ ባወጣው ሕግና በገባው ቃል ሳይሆን፣ ከሌላ ቦታ ተውሰው ባመጡት ሚዛን ከመመዘን።

«ቫምፓየር እንዲህ አይደለም» ብሎ መፍረድ

በዚህ ዘውግ ግምገማዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ቅሬታ አለ፤ «ደራሲዋ ቫምፓየር ምን እንደሆነ አታውቅም፣ በፀሐይ እንዴት ይሄዳል?» የሚል። ቅሬታው የቫምፓየርን የድርሰት ታሪክ የዘነጋ ነው። ጆን ፖሊዶሪ እ.ኤ.አ. በ1819 ባሳተመው ታሪክ ውስጥ ያለው ቫምፓየር ሞቶ የሚነሣው የጨረቃ ብርሃን ሲያርፍበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በታተመው የብራም ስቶከር «ድራኩላ» ውስጥ ደም መጣጩ በቀን ለንደን መንገድ ላይ ይታያል፤ ቀን ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ ነድዶ አመድ አይሆንም። የማይችለው ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ካልተጋበዘ ቤት አይገባም፣ መስተዋት ውስጥም መልኩ አይታይም። ፀሐይ ቫምፓየርን ታጠፋለች የሚለው ሐሳብ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1922 ከወጣ አንድ የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ወዲህ ነው። ብዙዎች ጥንታዊ ሕግ ነው የሚሉት ነገር ከሲኒማ የመጣ፣ ዕድሜውም ገና አንድ መቶ ዓመት ያለፈው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «እውነተኛው ቫምፓየር እንዴት ያለ ነው?» መሆን የለበትም። «ይህ መጽሐፍ የራሱን ሕግ አክብሯል ወይ?» ነው መባል ያለበት። ይህን ለማወቅ አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ከፍሎ ማንበብ በጣም ይጠቅማል። በመጀመሪያው ዓምድ ኃይሉ ምን እንደሚያስችል፣ በሁለተኛው ምን እንደማያስችል፣ በሦስተኛው ባለቤቱን ምን እንደሚያስከፍለው (ድካም፣ ደም፣ ዕድሜ፣ ትዝታ) ይጻፋል። አዲስ ሕግ በተነገረ ቁጥር ከነገጽ ቁጥሩ ይመዝግቡት። ብዙ መጽሐፍ ከ10 እስከ 15 መስመር ይበቃዋል።

ወረቀቱ የሚፈለገው የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ ነው። ጀግናዋ ያሸነፈችው በገጽ 80 በተነገረ ኃይል ከሆነ፣ ወይም ቀደም ብሎ በንግር (ወደፊት የሚሆነውን በሚጠቁም ፍንጭ) የተጠቆመ ነገር እዚህ ቦታ ላይ ከተፈታ፣ ደራሲዋ ሥራዋን ሠርታለች። ያሸነፈችው ግን እዚያው ገጽ ላይ በተወለደ ኃይል ከሆነ እስከዚያ ድረስ የነበረው ልብ ሰቀላ ሁሉ መና ቀረ ማለት ነው፤ አንባቢው ሲፈራ የቆየው ያለ ምክንያት ነበር። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ከቀረም ይጠርጥሩ፦ ምንም የማያስከፍል አስማት ባለበት ዓለም ውስጥ ጀግናዋ ችግሩን በመጀመሪያው ምዕራፍ ያልፈታችው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአስማት ሕግ ሁሉ መብራራት አለበት ማለት አይደለም። ደራሲው ብራንደን ሳንደርሰን በሰፊው የሚጠቀስ መርህ አለው፤ አስማት ችግር መፍታት የሚችለው አንባቢው በተረዳው መጠን ነው የሚል። ከዚህ የምንወስደው፣ ያልተብራራ አስማት ችግር ቢፈጥር፣ ቢያስፈራ፣ ቢያስደንቅ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም፤ ቅር የሚያሰኘው ያልተብራራው ነገር መፍትሔ ሆኖ ሲመጣ ነው። «አስማቱ አልተብራራም» ብቻ ብሎ መጻፍ ግማሽ ሐሳብ ነው።

ዘውጉን ሳይለዩ መክሰስ

ቀላል መፈተኛ አለ። ፍቅሩን ከታሪኩ አውጥተው ሴራውን ያስቡት። ሴራው ከፈረሰ የያዙት የፍቅር ልብ ወለድ ነው፤ አንባቢውም ሁለቱ ተገናኝተው፣ ቢያንስ ተስፋ ይዘው እንዲያልቅ ይጠብቃል። ዙፋኑ፣ ጦርነቱ፣ እርግማኑ ያለ ፍቅሩም መቀጠል ከቻሉ ደግሞ ፍቅር የተቀላቀለበት ፋንታሲ ነው፤ የዚህ አንባቢ የሚጠብቀው የዓለሙ ችግር እንዲፈታለት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት መጽሐፍ ላይ «የመንግሥቱ ፖለቲካ አልጠለቀም» ብሎ ማማረር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። አንዳንዴ አሳሳቹ የጀርባ ሽፋኑ ይሆናል። ያኔ ግምገማው «ሽፋኑ ጦርነት ቃል ገብቷል፣ ውስጡ ግን የፍቅር ታሪክ ነው» ብሎ በግልጽ ይናገር፤ ጥፋቱ የማስታወቂያው እንጂ የድርሰቱ አይደለምና።

የገጸ ባሕርይዋን ጥፋት የደራሲዋ ማድረግ

የእነዚህ መጻሕፍት ዋነኛ አንባቢዎች ተብለው የሚታሰቡት ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉት ናቸው። ተራኪዋም አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ዕድሜ ልጅ ናት፤ በአንደኛ መደብ፣ ብዙ ጊዜም በአሁን ጊዜ ግሥ ትተርካለች። ይህ የትረካ አንጻር ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ የሚታየው በእሷ ዓይን ልክ ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ገና በገጽ 40 የጠረጠረውን ከሐዲ እሷ በገጽ 200 ብትደርስበት የግድ ድክመት አይሆንም።

«የጅል ውሳኔ ወሰነች» ከማለትዎ በፊት እስከዚያ ገጽ ድረስ ምን ታውቅ እንደነበር ተመልሰው ይዩ። ለብቻዋ ወደ ጫካ የገባችው ለሰው ብትናገር ወንድሟ እንደሚገደል ስለተነገራት ከሆነ ውሳኔው ምክንያት አለው። የገባችው ወንዱ ደርሶ እንዲያድናት ብቻ ከሆነ ግን እግሯን ያንቀሳቀሰው ሴራው እንጂ ፍላጎቷ አይደለም፤ ይህ ሊወቀስ የሚገባው የአጻጻፍ ጉድለት ነው።

«ፍቅሩ ፈጠነ» ብሎ ማቆም

ፈጠነ ሲባል ከምን አንጻር ነው? በሁለት ቀን የሚያሳምን ፍቅር ሊጻፍ ይችላል፤ በሦስት ቅጽ የማያሳምንም እንዲሁ። የጎደለውን ለማግኘት አራት የገጽ ቁጥሮችን ይያዙ፦ መጀመሪያ የተያዩበትን፣ ስለ መልክና ስለ አደጋ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር መጀመሪያ የተወያዩበትን፣ መጀመሪያ ያልተስማሙበትን፣ አንዱ ለሌላው ሲል አንድ ነገር ያጣበትን። ባለ 350 ገጽ መጽሐፍ ውስጥ በገጽ 30 ተያይተው በገጽ 60 «ያለ አንተ አልኖርም» ከተባለ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁጥር ግን እስከ መጨረሻው ካልተገኙ፣ መጻፍ ያለብዎ ይህንኑ ነው። አንባቢው ከ«ፈጠነ» የበለጠ ይረዳዎታል።

ዕጣ ፈንታ ያገናኛቸው፣ በደም ወይም በጨረቃ የተሳሰሩ ጥንዶች ሲመጡ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ ልጅቷ እምቢ ማለት ትችል ነበር? እምቢ ማለት የማይቻልበት ትስስር ውስጥ ፍቅሩን ፍቅር የሚያደርገው ምርጫ ከሌላ በኩል መምጣት አለበት። በሦስት ሰዎች መካከል ያለ ፍቅርም ከሆነ ሁለቱም ወንዶች ሊመረጡ የሚችሉ መሆናቸውን ይፈትሹ፤ አንደኛው ገና ሲገባ ተሸናፊ ከሆነ ምርጫ የለም።

አደገኛውን ነገር በዝምታ ማለፍ

ይህ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። እሱ 300 ዓመት የኖረ፣ እሷ 17 ዓመቷ፤ እሱ አእምሮ የሚያነብ፣ እሷ ተራ ሰው። ሌሊት በመስኮት ገብቶ ተኝታ ሳለች ማየት፣ የዋለችበትን ሁሉ መከታተል፣ «ለደኅንነትሽ ነው» እያሉ ከጓደኞቿ መነጠል፣ ትዝታዋን ያለ ፈቃዷ መሰረዝ፦ እነዚህ በውብ ቋንቋ ሲተረኩ ፍቅር ይመስላሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ይፈጸማሉ። አንዱ ገምጋሚ ድርጊቱን ስላገኘ ብቻ መጽሐፉን ያወግዛል። ሌላው «ምናብ ነው» ብሎ ምንም ሳይተነፍስ ያልፋል። ድርጊቱ በታሪኩ ውስጥ መኖሩና ታሪኩ ድርጊቱን ማጽደቁ ለየቅል ናቸው፤ የገምጋሚው ሥራም ሁለቱን መለየት ነው። ልጅቷ ስትቃወም ትረካው ይሰማታል ወይስ ተቃውሞዋን እንደ ሽኮርመማ ይቆጥረዋል? ድርጊቱ በወንዱ ላይ መዘዝ ያመጣል? ኃይሉና ውበቱ ተገፍፎ አንድ ተራ የክፍል ጓደኛዋ ቢያደርገው ኖሮ ትረካው አሁንም ያደንቀው ነበር? ለነዚህ ከጽሑፉ ውስጥ አንድ አንድ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ከአንድ ገጽ ውግዘት ይበልጣል።

ማስጠንቀቂያ ሲጽፉም ልኩን ይንገሩ። «ወሲብ አለበት» የሚለው ለ13 ዓመት አንባቢ ወላጅ አይጠቅምም፤ ከመሳም አያልፍም፣ ወይም በሩ ሲዘጋ ትረካው ወደ ማግስቱ ይዘላል፣ ወይም በዝርዝር ይተረካል ብለው ይለዩለት። ደም፣ ራስን መጉዳት፣ የቤተሰብ ሞትም እንዲሁ።

አሯሩጦ ማንበብ

መቅድሙን፣ ካርታውን፣ የስሞች ማውጫውን ዘሎ ገብቶ «ግራ ያጋባል» ማለት ፍትሕ አይደለም። በዚህ ዘውግ መቅድም ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ትዕይንት ቁራጭ ወይም ከዘመናት በፊት የሆነ ነገር ነው፤ ካለቀ በኋላ ተመልሶ ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ብዙ ንግር ግን ያሳያል። በኤሌክትሮኒክ ቅጂ የሚያነቡ ከሆነ የገጽ ቁጥር በፊደል መጠን ስለሚለዋወጥ ምዕራፍና ፐርሰንት ይመዝግቡ። በየሩቡ ቆም ብለው «አሁን ምን ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ደግሞ መጨረሻው ያስደነቀዎት መሆን አለመሆኑን በኋላ በሐቅ እንዲናገሩ ያስችላል። ካለቀ በኋላ ሁሉም ሰው «ቀድሜ አውቄው ነበር» ይላል።

ታሪኩን መልሶ መተረክ

ባለ 500 ቃል ግምገማ ውስጥ 400ው የታሪኩ ጭምቅ ከሆነ ግምገማ አልተጻፈም። ለታሪኩ ከአራት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ማን ናት፣ ምን ትፈልጋለች፣ ምን ይከለክላታል፣ ዓለሙ ከኛ ዓለም በምን ይለያል። ከመጀመሪያው ሩብ በኋላ የሚሆነውን ነገር አይንኩ። የግድ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን ከአንቀጹ በፊት ያስቀድሙ፤ ካነበቡት በኋላ የመጣ ማስጠንቀቂያ ምን ያደርጋል?

ሳይታሰብ የሚያመልጥ ሌላ ነገር አለ። የሦስተኛውን ቅጽ ግምገማ የሚያነብ ሰው አንደኛውን ገና ላያነብ ይችላል፤ «ከሞተ በኋላ በተመለሰው ወዳጇ» የሚል አንድ ሐረግ የመጀመሪያውን ቅጽ ምስጢር ይበላዋል። «መጨረሻው ያስደነግጣል» ማለትም ቢሆን አንባቢው ሲጠባበቅ እንዲያነብ ስለሚያደርገው ድንጋጤውን ይገድለዋል።

ተከታታይ መጽሐፍን እንደ አንድ መቁጠር

የመጀመሪያ ቅጽ በእንጥልጥል ማለቁ ብቻውን ነቀፋ አያስከትልም። ሁለት ጥያቄዎችን ይለዩ፦ የቅጹ ጥያቄ (እርግማኑን የጣለው ማን ነው?) እና የተከታታዩ ጥያቄ (መንግሥቱ ይተርፋል?)። የመጀመሪያው ከተመለሰ፣ ሁለተኛው ክፍት ቢቀር ቅጹ ምሉዕ ነው። ሁለቱም ክፍት ከቀሩ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ተቆርጦ ቀርቧል፤ ገንዘቡን ለሚያወጣ አንባቢ ሊነገረው ይገባል።

ኮከብና ቅጽል ያለ ማስረጃ

ኮከብ ከቦታ ቦታ ትርጉሙ ይለያያል። አንባቢዎች መጽሐፍ በሚገመግሙበት ድረ ገጽ በጉድሪድስ ላይ 2 ኮከብ «ደህና ነበር»፣ 3 ኮከብ «ወድጄዋለሁ»፣ 5 ኮከብ «ድንቅ ነበር» ማለት ነው፤ አማዞን ግን 3 ኮከብን ከወቀሳ አዘሎቹ ጋር ይመድበዋል። የራስዎን መለኪያ በአንድ መስመር አስረድተው በዚያው ይጽኑ። «ማራኪ»፣ «አሰልቺ»፣ «ጥልቅ» የሚሉ ቃላትም ለብቻቸው ባዶ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ቀጥሎ «ምክንያቱም» ብለው አንድ ትዕይንት መጥቀስ ካልቻሉ ቅጽሉን ይሰርዙት።

ከኅትመት በፊት የተሰጠ ያልታረመ ቅጂ ካነበቡ ከውስጡ አይጥቀሱ፤ የፊደል ግድፈቱንም አይንቀፉ። ስሞች፣ አንዳንዴም ሙሉ ትዕይንቶች፣ እስከ ኅትመት ድረስ ይለወጣሉ። መጥቀስ ካስፈለገ ከታተመው ጋር ያመሳክሩ። ቅጂውን በነጻ ካገኙ ከላይ በግልጽ ይናገሩ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ማሻሻያው ጀምሮ ይህን ከኢንተርኔት ጸሐፊዎችም ይጠብቃል፤ ሕግ በሌለበትም አንባቢው ማወቅ ይገባዋል። ነቀፋ ያለበትን ግምገማ ለደራሲዋ በስሟ አያይዘው አይላኩላት። ግምገማው የተጻፈው ለአንባቢ ነው።

መጽሐፉን ካልጨረሱትም መጻፍ ይችላሉ፤ ግን የት እንዳቆሙና ለምን እንዳቆሙ («በ38 ፐርሰንት፣ ልጅቷ ከቤት ከወጣች በኋላ») በመጀመሪያው መስመር ያስቀምጡ፣ ኮከብ አይስጡ፣ ስላላነበቡት መጨረሻም አንዳች አይፍረዱ።