የመጀመሪያውን የራግቢ ውል ከፈረምክ በኋላ፦ ደቂቃ ፈልግ

ዕድሜህ 18 ነው እንበል። እንግሊዝ ውስጥ በከፍተኛው የራግቢ ሊግ፣ በፕሪሚየርሺፕ፣ ከሚጫወት አንድ ክለብ አካዳሚ (የወጣቶች ማሠልጠኛ) ጋር ውል ፈርመሃል። እናትህ እልል ብላለች። ጓደኞችህ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ሊያዩህ ይጠብቃሉ። ከአሁኑ ንገራቸው፤ ቶሎ አያዩህም። ሊጉ ውስጥ ያሉት ክለቦች 10 ብቻ ናቸው፣ ለአንድ ጨዋታ የሚመረጡት ደግሞ 23 ሰዎች። በአንተ ቦታ ላይ ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተ የ29 ዓመት ጎልማሳ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ትልቁ ሥራህ የምትጫወትበትን ደቂቃ መፈለግ ነው። ስሙ የገነነ ማሊያ ለብሶ ወንበር ከማሞቅ፣ ብዙ ሰው በማያየው ሜዳ 80 ደቂቃ መሮጥ ይሻላል።

አካዳሚ ውስጥ ከዋናው ቡድን ጋር ትለማመዳለህ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚሰጥህ ሥራ የቅዳሜውን ተጋጣሚ መስሎ መጫወትና ታክል (ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ይዞ መጣል) የሚለማመዱበትን ትራስ ይዞ መቆም ነው። ያም ያስተምራል፣ አትናቀው። ነገር ግን በ70ኛው ደቂቃ ሳንባህ ሲቃጠል፣ ዝናብ ኳሱን እንደ ሳሙና ሲያሙለጨልጨው፣ በሦስት ነጥብ እየተመራችሁ ላይንአውት (ከመስመር የወጣ ኳስ በሁለቱ ቡድኖች ሰልፍ መካከል የሚወረወርበት) ሲጣል ምን እንደምትወስን የምታውቀው ጨዋታ ውስጥ ብቻ ነው።

አሰልጣኙ «ሁለተኛው ሊግ በውሰት ሂድ» ካለህ እንደ ቅጣት አትየው። ሄንሪ ፖሎክ የኖርዛምፕተን አካዳሚ ልጅ ነው፤ ቅርቡ ላለው ቤድፎርድ በውሰት ተጫውቷል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋር ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ማርች 2025 ካርዲፍ ላይ፣ በመጀመሪያው የዋናው ብሔራዊ ቡድን ጨዋታው፣ ተቀይሮ ገብቶ ዌልስ ላይ ሁለት ትራይ (ኳሱን የተጋጣሚው የግብ ክልል መሬት ላይ በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። በዚያው ዓመት፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ምርጦች በሚሰባሰቡበት የላየንስ ቡድን ውስጥ አውስትራሊያ ሄደ። ሁሉም እንደሱ አይፈጥንም። በሁለተኛው ሊግ ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ማታ ልምምድ የሚመጣ የ32 ዓመት ፕሮፕ (የፊት መስመር ገፊ) ታገኛለህ፣ ስክረም (ሁለቱ ቡድኖች ተቆላልፈው የሚገፋፉበት) ውስጥ እንደ ብርድ ልብስ ያጥፍሃል፣ ከዚያ ግን ቢጠየቅ ለምን እንደታጠፍክ ቁጭ ብሎ ያስረዳሃል። ጠይቀው።

ደቂቃ ስትጠይቅም መንገድ አለው። አሰልጣኙ ቢሮ ገብተህ «ለምን አላሰለፍከኝም?» አትበል። «ለመሰለፍ የትኞቹን ሁለት ነገሮች ላሻሽል?» በል። ጻፋቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ የራስህን ቪዲዮ ቆርጠህ ይዘህ ተመለስ።

የምትጫወትበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ዊንግ (በሜዳው ጠርዝ የሚሮጥ) ከሆንክ ፍጥነትህ በ20 ዓመትህም ቦታ ሊያስገኝልህ ይችላል። ፕሮፕ ከሆንክ ትዕግሥት ያስፈልግሃል፤ የስክረም ጥበብና ጥንካሬ የሚበስለው ዘግይቶ ነው። ግን አንድ መልካም ነገር አለ። የስክረም የፊት መስመር ልዩ ሥልጠና ስለሚፈልግ ከ23ቱ ተጫዋቾች ስድስቱ እዚያ መጫወት የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ሲጎዳ የሚጠራው ወጣቱ ነው። ያን ቀን ዝግጁ ሁን።

ጂም ውስጥ አትቸኩል። በአንድ ክረምት 12 ኪሎ ልጨምር ብለህ ከተነሳህ ፍጥነትህን ልታጣ፣ ጉልበትህንም ልትጎዳ ትችላለህ። ጡንቻ በወራት ሳይሆን በዓመታት ይገነባል። አንገትህን ግን በየሳምንቱ ሥራው፤ ብዙ ልጆች መስታወት ላይ ስለማይታይ ይዘሉታል።

ስለ ምግብ ሲነሳ የእኛን ቤት ነገር አልዘልም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የሚውለውም የውድድር ዘመኑ መሐል ላይ። የምትጾም ከሆነ ለክለቡ የሥነ ምግብ ባለሙያ ቀድመህ ንገረው፣ ከንስሐ አባትህም ጋር ተነጋገር። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ጥሩ ፕሮቲን አላቸው፤ መጠኑንና ሰዓቱን ማቀድ ነው ሥራው። ረመዳን ለሚጾመውም ያው ነው። ተደብቀህ ጾመህ ልምምድ ላይ ብትወድቅ ግን ማንም ሊረዳህ አይችልም። ፕሮቲን ዱቄት ከገዛህ «ኢንፎርምድ ስፖርት» የሚል ምልክት ያለውን ብቻ ግዛ፤ ሽንትህ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ። ጫትም እንዳይሞከር። ውስጡ ያለው ካቲን በውድድር ጊዜ ከተከለከሉት አነቃቂዎች አንዱ ነው፤ ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ጫት ከ2014 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል።

አሁን ከልቤ የምለምንህ ነገር። አብዛኛው የጭንቅላት ጉዳት የሚደርሰው በታክል ጊዜ ነው፣ ከተታከለው ይልቅም የሚጎዳው ታክል የሚያደርገው ነው። ዝቅ በል፣ ዓይንህን አትጨፍን፣ ጭንቅላትህን ከሚሮጠው ሰው ፊት አታስገባ፤ ጎኑ ላይ፣ ከኋላ በኩል ይሁን። በድካም ጊዜም እንዲሁ እስክታደርገው ድረስ ተለማመደው። ጭንቅላትህ ከተመታ ሐኪሙ ለ12 ደቂቃ ምርመራ ያስወጣሃል። «ደህና ነኝ» ብለህ አትዋሸው። ቦታዬን ሌላ ይወስደዋል ብለህ እንደምትፈራ አውቃለሁ፤ ቢወስደው ይውሰደው። ስቲቭ ቶምፕሰን በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ አንስቷል። በ2020፣ በ42 ዓመቱ፣ የመርሳት በሽታ እንደተገኘበት ሲናገር ዋንጫውን ማንሳቱን እንኳ እንደማያስታውስ ገለጸ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የአካዳሚ ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ክለብም ሊፈርስ ይችላል። በ2022 ዉስተርና ዋስፕስ፣ በ2023 ለንደን አይሪሽ ከሊጉ ወጡ፤ ተጫዋቾቹ በአንድ ጀምበር ሥራ አጥ ሆኑ። ወኪል ከያዝክ በእንግሊዝ ራግቢ ፌዴሬሽን የተመዘገበ መሆኑን አጣራ። ከመፈረምህ በፊት ጉልበትህ ቢጎዳ ደመወዝህ ስንት ወር እንደሚቀጥል፣ ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል፣ በውሰት ስትሄድ የቤት ኪራይህ በማን እንደሆነ ጠይቅ። መልሱን በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ ተጽፎ እየው።

ትምህርትህንም አታቋርጥ። ማሮ ኢቶጄ ለንደን የተወለደ የናይጄሪያውያን ልጅ ነው። ለሳራሰንስ ክለብ እየተጫወተ ሶአስ ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ተማረ፤ በ2025 እንግሊዝንም ላየንስንም በአምበልነት መራ። የልምምዱ ሰዓት ቢበዛም ለአንድ ሁለት ኮርስ ክፍተት አይጠፋም። የተጫዋቾች ማኅበሩ በትምህርት ጉዳይ የሚያማክሩ ሰዎች አሉት። ሰኞ ከጂም ስትወጣ፣ ሻወር ከመግባትህ በፊት፣ ኢሜይል ላክላቸው።