ስለ "ዋሽንግተን" ስም ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ "ዋሽንግተን" የሚለውን ስም በቀን ስንቴ እንደሚጠራው እንጃ። ስሙ ግን አሜሪካ ከመድረሱ በፊት የአንዲት የእንግሊዝ መንደር ነበር። ታሪኩን በጣም ስለምወደው፣ ተሳስቶ ሲነገር ዝም ማለት ይከብደኛል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋናው ስህተት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከኒውካስል በስተደቡብ፣ ዋሽንግተን የምትባል ከተማ አለች። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ስም የተሰየመች ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዊልያም ደ ሄርትበርን የሚባል ባላባት ነበር፤ "የሄርትበርኑ ዊልያም" ማለት ነው። ይህ ሰው ሄርትበርንን ለቆ በምትኩ ዋሽንግተንን ያዘ። የደርሃም ጳጳስ በ1183 ያሠራው የመሬት መዝገብ ልውውጡን ጽፎታል። ርስቱ ሲቀየር ስሙም ተቀየረና ዊልያም ደ ዌሲንግተን ተባለ። ስም ያኔ እንደ አድራሻ ነበር። በኋላ ግን ረጋ፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ጀመር። እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል። እነሱ ዘንድ ግን ዘሮቹ መንደሯን ትተው ከሄዱ በኋላም ስሟን ይዘው ዞሩ። በ1539 ሰልግሬቭ በምትባል ሌላ የእንግሊዝ መንደር መሬት የገዛው የሱፍ ነጋዴ ሎረንስ ዋሽንግተን ከመንደሯ እጅግ ርቆ ነበር የሚኖረው። ከዘሮቹ አንዱ ጆን በ1650ዎቹ ቨርጂንያ ገባ። የጆርጅ ዋሽንግተን ቅድመ አያት እሱ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቃሉን በዛሬ እንግሊዝኛ መፍታት ነው። "ዋሽ" ዛሬ ማጠብ ማለት ቢሆንም፣ ስሙን ከመታጠብ ጋር ምንም አያገናኘውም። መነሻው ዋሳ የሚባል ሰው ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው "ተን" ደግሞ በድሮው እንግሊዝኛ የእርሻ ይዞታ ወይም መንደር ማለት ነበር። በደቡብ እንግሊዝ፣ ሰሴክስ ውስጥም ሌላ ዋሽንግተን አለች። ስለዚህ በድሮ መዝገብ ይህን ስም ያገኘ ሰው የትኛዋ እንደሆነች ሳያጣራ ባይቸኩል ጥሩ ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ስሙን የያዘውን ሁሉ የፕሬዚዳንቱ ዘመድ ማድረግ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ልጅ አልወለደም። በ2000 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ 163 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ ስም ተመዝግበዋል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከባርነት ነፃ የወጡ ብዙ ሰዎች የቤተሰብ ስማቸውን ራሳቸው መርጠዋል። ታዋቂውን ጥቁር አሜሪካዊ የትምህርት መሪ ቡከር ቲ ዋሽንግተንን ውሰዱ። በባርነት ተወለደ። ትምህርት ቤት ሲገባ ሌሎቹ ልጆች ሁለት ሁለት ስም እንዳላቸው አየ፤ እሱ ያለው አንድ ብቻ ነበር። ተራው ደርሶ መምህሩ ስሙን ሲጠይቀው ረጋ ብሎ "ቡከር ዋሽንግተን" አለ። የእንጀራ አባቱ የመጠሪያ ስም ዋሽንግተን ነበር። እንዲህ ያለውን ስም እንግሊዝ መንደር ድረስ በዘር መቁጠር ልጁ በዚያች ቅጽበት ያደረገውን ምርጫ መንጠቅ ነው።

የመጨረሻው የቤተሰብ አርማ ጉዳይ ነው። ስሙ የአንተ ስለሆነ አርማውም የአንተ ነው እያሉ የሚሸጡ አሉ። በእንግሊዝ ሥርዓት አርማ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ በውርስ የሚያልፈውም ለዚያ ሰው ዘር እንጂ ስሙን ለያዘ ሁሉ አይደለም። የዋሽንግተኖቹን አርማ ማየት የፈለገ የዲሲን ባንዲራ ይመልከት። በነጭ ላይ ያሉት ሦስት ቀይ ኮከቦችና ሁለት ቀይ መስመሮች ከእሱ የተወሰዱ ናቸው።